ካውንስሉ ቤት ሲከለክል ወይም ሳይጠግን ሲቀር፦ በእንግሊዝ አገር ቅሬታን ትክክለኛው ቦታ የማድረሻ ዝርዝር መመሪያ

በካውንስል ቤት ጉዳይ የሚቀርብ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በደሉ ቀላል ስለሆነ አይደለም። ወይ የማይመለከተው ቢሮ ይገባል፣ ወይ የሚመለከተው ቢሮ የደረሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ይሆናል። ካውንስሉን የሚቆጣጠሩት አካላት ብዙ ናቸው፤ የሚያዩት ጉዳይም የሚቆጥሩት ቀንም ይለያያል። ደረጃ 1ን ዘልላችሁ ደረጃ 4 አትግቡ።

መመሪያው ለእንግሊዝ ብቻ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግና የየራሳቸው እንባ ጠባቂ ስላላቸው፣ ግላስጎው ወይም ካርዲፍ ለሚኖር ሰው ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች አይሠሩም።

ለዛሬ ማታ ማደሪያ ከሌላችሁ ንባቡን አቁሙ። የካውንስላችሁን የቤት አልባዎች ክፍል፣ ሰዓቱ ከመሸም ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን የአስቸኳይ ስልክ ደውሉ። ከዚያ የሼልተርን (ቤት ላጡ ሰዎች የሚቆም የበጎ አድራጎት ድርጅት) ነጻ መስመር 0808 800 4444 ሞክሩ። ወረቀቱ ነገ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ የት እንደሚታይ ለዩ

ካውንስሉ በሁለት መልክ ይገጥማችኋል። አንዳንዴ አከራያችሁ ነው፤ ኪራይ ትከፍሉታላችሁ፣ ቦይለር ይጠግናል። አንዳንዴ ደግሞ ቤት አልባን የሚቀበልና የቤት ወረፋ የሚያስተዳድር የመንግሥት አካል ነው። ሠራተኞቹ አንድ ሕንፃ ውስጥ ቢቀመጡም ቅሬታችሁ የሚሄድበት ቦታ ይለያያል። የእናንተ ጉዳይ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ወስኑ፦

ሀ. በቤት አልባነት ማመልከቻ ላይ የተሰጠ ውሳኔ። «ቤት አልባ አይደላችሁም»፣ «ቅድሚያ አይገባችሁም»፣ «ሆን ብላችሁ ነው ቤት ያጣችሁት»፣ «ያቀረብንላችሁ ቤት ተስማሚ ነው» የሚሉት ሁሉ እዚህ ይገባሉ። መፍትሔው ሪቪው (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ)፣ ቀጥሎም የካውንቲ ፍርድ ቤት ነው። ደረጃ 3ን አንብቡ።

ለ. የአሠራር ጥፋት። ማመልከቻ አልቀበልም ማለት፣ ለወራት መልስ አለመስጠት፣ ሰነድ ማጥፋት፣ ቤተሰብን ሆቴል ውስጥ ማቆየት፣ በወረፋው ላይ «ባንድ» (የቅድሚያ ደረጃ) አሳስቶ መስጠት። መንገዱ ለካውንስሉ ቅሬታ ማቅረብ፣ ከዚያ የአካባቢ መንግሥትና የማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ ነው። ከዚህ በታች «የአካባቢ መንግሥት እንባ ጠባቂ» እንለዋለን።

ሐ. ካውንስሉ አከራያችሁ ሆኖ ያጠፋው። ጥገና፣ እርጥበትና ሻጋታ፣ የጎረቤት ረብሻ አያያዝ፣ የሰርቪስ ቻርጅ (የጋራ አገልግሎት ክፍያ) አሰባሰብ። መንገዱ ቅሬታ፣ ከዚያ የቤቶች እንባ ጠባቂ (ሃውዚንግ ኦምቡድስማን) ነው። የሃውዚንግ አሶሴሽን (ለትርፍ ያልቆመ ቤት አከራይ ድርጅት) ተከራዮችም የሚሄዱት ወደዚሁ ነው።

መ. ብዙ ተከራዮችን የሚነካ ከባድ ጉድለት። ሕንፃው በሙሉ የእሳት መከላከያ ሥራ ተጓቶበታል፣ የኤሌክትሪክ ምርመራ ለዓመታት አልተደረገም የመሰለ። ይህ የማኅበራዊ ቤቶች (የካውንስልና የሃውዚንግ አሶሴሽን ቤቶች) ተቆጣጣሪ ጉዳይ ነው። ደረጃ 6 ላይ አለ።

አንድ ቤተሰብ ሁለት ሦስቱ በአንዴ ሊደርስበት ይችላል፤ እንዲያውም የተለመደው ይህ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም አንድ ደብዳቤ ውስጥ አትክተቱ። ለሪቪው አንድ፣ ለቅሬታ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። በአንድ ደብዳቤ ሲላክ ካውንስሉ በቅሬታ መዝገብ ያስገባውና የሪቪው ቀን ማንም ሳያየው ያልፋል።

ደረጃ 2፦ ፋይሉን አዘጋጁ

ቅሬታ ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን በአንድ አቃፊ ሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ደግሞ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ፦

- ከካውንስሉ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ ከነፖስታው። ፖስታው የደረሰበትን ቀን በእጃችሁ ጻፉበት።
- ግላዊ የቤት ዕቅድ የሚባለው ሰነድ (ሠራተኛው እናንተ የምታደርጉትንና ካውንስሉ የሚያደርገውን የጻፈበት)።
- የቪዛ ወይም የስደተኝነት ፈቃድ ማስረጃ፣ የኢቪዛ ኮድ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት።
- የኪራይ ውል፣ የማስለቀቂያ ማስታወቂያ፣ የኪራይ ክፍያ ደረሰኝ ወይም የባንክ መግለጫ።
- ሕመም ካለ ከጂፒ የተጻፈ ደብዳቤ። ደብዳቤው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ቤት ማጣቱ ወይም የቤቱ ሁኔታ በሽተኛው ላይ ምን እንደሚያደርስ እንዲገልጽ ጠይቁ።
- የስልክ ጥሪ መዝገብ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራተኛው ስም፣ የተባለው ነገር፣ የሪፈረንስ ቁጥር።

በስልክ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኩ፦ «ዛሬ ከቀኑ 11፡20 ላይ ደውዬ እንዲህ ብላችሁኛል፤ ካልሆነ አርሙኝ።» ካላረሙ ኢሜይሉ ማስረጃችሁ ነው።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ፋይል ላይ ደጋግሞ የሚበላሽ

*ስም።* ባል፣ ሚስትና ልጆች የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው ሠራተኛው አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ይጠራጠራል። ከማመልከቻው ጋር የሁሉንም ሙሉ ስም፣ ዝምድናና የልደት ቀን የያዘ ግማሽ ገጽ አያይዙ፤ የኢትዮጵያ ልማድ እንደሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ስማችሁ በቪዛው ላይ በተጻፈበት ፊደል ብቻ ይጻፍ። የአንድ ሰው ስም በሁለት አጻጻፍ ሲገባ ሁለት ፋይል ይከፈታል፤ ሰነዱ በአንዱ ይቀመጥና ውሳኔው በሌላው ይሰጣል።

*ቀንና ሰዓት።* በደብዳቤዎቻችሁ ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ተጠቀሙ። የልደት ምስክር ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የተረጋገጠ ትርጉም አያይዙ። ቀጠሮ ስትይዙ «ሦስት ሰዓት» ከተባባላችሁ ጠዋት 9፡00 ይሁን ከሰዓት 3፡00 አረጋግጡ፤ ቀጠሮ መቅረት «አልተባበረም» ተብሎ ፋይል ላይ ይጻፋል።

*አስተርጓሚ።* የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ልጅ አታስተረጉሙ። ስለ ጤናም ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትም ሲጠየቅ እናት በልጇ ፊት አትናገርም፤ ያልተነገረው ደግሞ ውሳኔው ላይ አይገባም።

*ወኪል።* የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፣ ዘመድ ወይም የማኅበር ሠራተኛ ሊከታተልላችሁ ይችላል። ካውንስሉ ግን ያለ ፈቃድ አያነጋግረውም። ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የወኪሉን ስምና «ስለ ቤት ጉዳዬ ሙሉ መረጃ ስጡት» የሚል ቃል የያዘ፣ የፈረማችሁበት ወረቀት በመጀመሪያው ቀን ላኩ።

የራሳችሁን ፋይል ጠይቁ

ካውንስሉ ስለ እናንተ የያዘውን ሁሉ በነጻ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት ይባላል፤ መልሱ በ1 ወር ውስጥ ሊደርስ ይገባል፣ ጉዳዩ ከተወሳሰበ 2 ወር ሊጨመርበት ይችላል። «የቤት አልባነት ፋይሌን፣ የጉዳይ ማስታወሻዎችንና የስልክ ቅጂዎችን» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ይህ የሪቪው ቀናችሁን አያቆምም፤ ፋይሉ እስኪመጣ እያላችሁ ሪቪው የሚጠየቅበትን 21 ቀን (ደረጃ 3.2) አታሳልፉ።

ደረጃ 3፦ የቤት አልባነት ውሳኔ (እዚህ ላይ ቀኑ ጨካኝ ነው)

3.1 ማመልከቻው መመዝገቡን አረጋግጡ

ቤት አልባ ልትሆኑ 56 ቀን ወይም ከዚያ በታች ከቀራችሁ ካውንስሉ ቤቱን እንዳታጡ የመርዳት ግዴታ አለበት፤ ካጣችሁም በኋላ ለ56 ቀን የመርዳት ግዴታ ይከተላል። ይህ በ2017 የወጣውና ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ የሚሠራው የቤት አልባነት መቀነሻ ሕግ ነው። ቤት አልባ ናችሁ ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለ ካውንስሉ መመርመር አለበት። እርጉዝ ወይም ልጅ ያላት፣ በሕመም የተጎዳ፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት ያመለጠ ሰው ከሆነ ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ ጊዜያዊ ማረፊያ መስጠት አለበት።

መስኮት ላይ የምትሰሟቸው ሦስት መልሶችና ምላሻቸው፦

- «የዚህ አካባቢ ሰው አይደላችሁም።» የአካባቢ ትስስር ማመልከቻ ላለመቀበል ምክንያት አይሆንም፤ ወደ ሌላ ካውንስል ማስተላለፍ የሚመጣው በኋላ ነው። በተራ መልኩ ትስስር ማለት ካለፉት 12 ወራት 6ቱን ወይም ካለፉት 5 ዓመታት 3ቱን እዚያ መኖር፣ ሥራ ወይም የቅርብ ቤተሰብ መኖር ነው። ስደተኝነታችሁ ገና የጸደቀላችሁ ከሆነ ሆም ኦፊስ መድቧችሁ የኖራችሁበት አካባቢም ትስስር ሊሰጣችሁ ይችላል።
- «ሰነድ አሟልታችሁ ኑ።» ሰነዱ ምርመራውን ይረዳል እንጂ ለማመልከት ቅድመ ሁኔታ አይደለም።
- «ቤይሊፍ (የፍርድ ቤት አስለቃቂ) እስኪመጣ ቆዩ።» ይህን ያለውን ሰው ስም ያዙ፣ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። በራሳችሁ ውሳኔ ግን ሳትመክሩ አትልቀቁ፤ «ሆን ብሎ» የሚለው ውሳኔ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በቃል ከመለሷችሁ በዚያው ቀን ኢሜይል ላኩ፦ «ዛሬ ለቤት አልባነት እርዳታ አመልክቻለሁ፤ ካልተቀበላችሁ የውሳኔ ደብዳቤ ስጡኝ።» ማረፊያ ይገባችሁ የነበረ ሆኖ ከተከለከላችሁ ሪቪው የለውም፤ የሚቻለው ጁዲሻል ሪቪው (ፍርድ ቤት የካውንስሉን ሥራ ሕጋዊነት እንዲመረምር የሚቀርብ ክስ) ነው፤ ለዚያ ጠበቃ ያስፈልጋል። የሲቪል ሊጋል አድቫይስ ስልክ 0345 345 4345 ገቢያችሁን ጠይቆ የነጻ ጠበቃ መብት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ጁዲሻል ሪቪው ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ማደሪያ የሌለው ሰው ግን በሰዓታት ነው የሚንቀሳቀሰው።

3.2 የውሳኔ ደብዳቤ ሲመጣ 21 ቀን ቁጠሩ

ሪቪው የሚጠየቀው ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ደብዳቤው የደረሳችሁ ቀን ራሱ 1 ተብሎ ይቆጠራል። ማርች 3 ከደረሳችሁ የመጨረሻው ቀን ማርች 23 ነው፤ ማርች 24 ዘግይታችኋል። ቅዳሜና እሑድ፣ የሕዝብ በዓልም ይቆጠራል። መደበኛ ቅሬታ ማስገባት ይህን ቁጥር አያቆመውም። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ጥሩ ቅሬታ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ በሁለተኛው ወር ሲመጣ «ሪቪው መጠየቅ ነበረባችሁ» ይላል።

የሪቪው ጥያቄው ረጅም መሆን የለበትም። ይህ ይበቃል፦

«የማመልከቻ ቁጥሬ … ነው። በ … ቀን የደረሰኝን ውሳኔ በሴክሽን 202 መሠረት ሪቪው እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ። ሙሉ ምክንያቴን በኋላ አቀርባለሁ። ፋይሌን ላኩልኝ። ሪቪው እስኪያልቅ ማረፊያዬ እንዲቀጥል እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም …»

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጠንቀቁ። በሪቪው ጊዜ ማረፊያ መስጠት ካውንስሉ የሚወስነው እንጂ የግድ አይደለም። ሲወስን ሦስት ነገር ያያል፦ ውሳኔው ስህተት ሊሆን የሚችልበት ጥንካሬ፣ አዲስ ማስረጃ፣ የእናንተ የግል ሁኔታ። በሦስቱም ላይ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ሪቪውን የሚሠራው በመጀመሪያው ውሳኔ ያልነበረ፣ ከፍ ያለ ሠራተኛ ነው። በአብዛኛው ጉዳይ 8 ሳምንት አለው። በመሃል «እንዲህ ልወስን አስቤያለሁ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ የመጨረሻ ዕድላችሁ ነው፤ በጽሑፍ ወይም በቃል መልሱ፣ ዝም አትበሉ።

የሪቪው ውሳኔ በእናንተ ላይ ከሆነ ወደ ካውንቲ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት 21 ቀን አለ፣ የሚታየውም የሕግ ስህተት ብቻ ነው። 8 ሳምንቱ አልፎ መልስ ካልመጣም ይግባኝ የማለት መብት ይከፈታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ሌላ 21 ቀን ይሮጣል። ስለዚህ 8ኛውን ሳምንት ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ፣ በዚያው ሳምንት ጠበቃ አነጋግሩ። ተጨማሪ ጊዜ ስጡን ካሉ ስምምነታችሁን በጽሑፍና በተወሰነ ቀን አድርጉ።

3.3 የቀረበላችሁን ቤት አትመልሱ

ቤቱ ሩቅ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ለልጁ ትምህርት ቤት አይመችም። ቢሆንም ሳትመክሩ እምቢ አትበሉ። እምቢ ያላችሁት ቤት በሪቪው «ተስማሚ ነበር» ከተባለ የካውንስሉ ግዴታ ያበቃል፣ እናንተም ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ። ሕጉ ቤቱን ተቀብሎ ገብቶ፣ በ21 ቀን ውስጥ ተስማሚነቱን በሪቪው መቃወምን ይፈቅዳል። ግቡ፣ ከዚያ ተከራከሩ።

3.4 ቤተሰብ ሆቴል ውስጥ ከ6 ሳምንት በላይ

ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦችና እርጉዝ ሴቶችን ካውንስሉ ቢ ኤንድ ቢ ውስጥ ሊያቆይ የሚችለው ሌላ ቦታ ሲጠፋ ብቻ፣ ያውም ቢበዛ 6 ሳምንት ነው። ሕጉ ቢ ኤንድ ቢ የሚለው ራሱን ያልቻለ፣ ከመጸዳጃ፣ ከመታጠቢያና ከማብሰያ ቢያንስ አንዱ የሌለበት ወይም ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ የራሱ ሻወር ያለው ግን ማብሰያ የሌለው የሆቴል ክፍል ይገባበታል። ካውንስሉ ራሱ የሚያስተዳድረው ሆስቴል ግን አይገባም፤ አስተዳዳሪው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

የገባችሁበትን ቀን ጻፉ፣ በ43ኛው ቀን ቅሬታ አስገቡ። በዚህ ጉዳይ የአካባቢ መንግሥት እንባ ጠባቂ ካውንስሎችን በተደጋጋሚ ጥፋተኛ አድርጓል። ተስማሚ ያልሆነ ማረፊያ ውስጥ ለቆየ ቤተሰብ በመመሪያው የሚያስበው ካሳ በወር ከ150 እስከ 350 ፓውንድ ነው።

ዕቃችሁም አይረሳ። ካውንስሉ ማረፊያ ሲሰጣችሁ ዕቃችሁ እንዳይጠፋ የመጠበቅ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል፤ ክፍያ መጠየቅም ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ዝርዝርና ፎቶ አዘጋጁና በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ መደበኛ ቅሬታ፣ ሁለት እርከን

ይህ ለ«ለ»ም ለ«ሐ»ም ጉዳይ ነው። እንባ ጠባቂዎቹ ካውንስሉ መጀመሪያ ዕድል እንዲሰጠው ይፈልጋሉ፤ ሳትጨርሱ ብትሄዱ ይመልሷችኋል።

4.1 «ቅሬታ» የሚለውን ቃል ጻፉ። ቦይለር ተበላሸ ብሎ መደወል ቅሬታ አይደለም፤ የአገልግሎት ጥያቄ ተብሎ ይመዘገባል። በርዕሱ ላይ «ፎርማል ኮምፕሌይንት፣ ስቴጅ ዋን» በሉ።

4.2 አንድ ገጽ ይብቃችሁ። አራት አንቀጽ፦ የሆነው በቀን ቅደም ተከተል፤ ካውንስሉ ማድረግ የነበረበት፤ በእናንተ ላይ የደረሰው (ወጪ፣ ሕመም፣ የልጅ ትምህርት)፤ የምትፈልጉት መፍትሔ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። «ፍትሕ እፈልጋለሁ» ካላችሁ ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። «በ10 ቀን ውስጥ ጣሪያው ይጠገን፣ የተበላሸው ፍራሽ ይከፈለኝ፣ የወረፋ ባንድ ደረጃዬ ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ይስተካከል» በሉ።

4.3 ቀኖቹን ተከታተሉ። እዚህ የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው፦

- ስቴጅ ዋን፦ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ደርሶናል የሚል ማረጋገጫ፤ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ።
- ስቴጅ ቱ፦ በ5 የሥራ ቀን ማረጋገጫ፤ ከዚያ በ20 የሥራ ቀን መልስ።

እነዚህ ቀኖች ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በአከራዮች ላይ ሕጋዊ ግዴታ የሆነው የቤቶች እንባ ጠባቂ የቅሬታ ደንብ ናቸው፤ የአካባቢ መንግሥት እንባ ጠባቂ ደንብም ተመሳሳይ ቀን ይዟል። ማራዘም የሚችሉት ምክንያቱን ነግረዋችሁ ሲሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት ከ10 የሥራ ቀን (ስቴጅ ዋን) ወይም ከ20 የሥራ ቀን (ስቴጅ ቱ) በላይ መሆን የለበትም።

4.4 ስቴጅ ዋን ካላረካችሁ ዝም አትበሉ። «አልተስማማሁም፣ ወደ ስቴጅ ቱ ይለፍ» የሚል ኢሜይል ይበቃል። ምክንያት ካላችሁ ጨምሩ። ወደ ስቴጅ ቱ ሳታሳልፉ ጊዜ ከሄደ ካውንስሉ ጉዳዩን ዘግቶታል፣ እንባ ጠባቂውም የካውንስሉ ሂደት አላለቀም ይላል።

ቀኑ ካለፈና መልስ ከጠፋስ? አንድ አስታዋሽ ላኩ፣ 5 የሥራ ቀን ስጡ። ከዚያ ወደ እንባ ጠባቂው ደውሉ፤ ካውንስሉን መልስ ስጥ ብሎ ሊጫነው ይችላል። አምስት ስድስት አስታዋሽ መላክ አያፋጥንም፤ ጊዜያችሁን ብቻ ይበላል።

የተመረጠ የካውንስል አባላችሁ ወይም የፓርላማ አባላችሁ (ኤምፒ) በመሃል ሊጠይቁላችሁ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ግን ከቅሬታው ጎን ለጎን እንጂ በቅሬታው ፈንታ አይሁን። የኤምፒ ደብዳቤ የስቴጅ ዋን ቀንን አያስጀምርም።

ደረጃ 5፦ እርጥበትና ሻጋታ በካውንስል ቤት

ራሱን የቻለ ደረጃ የሆነው ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ የአዋብ ሕግ የሚባለው ስለሚሠራ ነው። ሕጉ የተሰየመው በ2020 ሮችዴል ውስጥ ሻጋታ ባለበት ቤት ኖሮ በሞተው የሁለት ዓመት ሕፃን በአዋብ ኢሻቅ ስም ነው። የማኅበራዊ ቤት አከራይ ላይ የሚጥለው ቀን ይህ ነው፦

1. አደጋው አስቸኳይ ከሆነ (ጋዝ መፍሰስ፣ የተጋለጠ ኤሌክትሪክ፣ ለታመመ ሰው አደገኛ ሻጋታ) በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ከአደጋ ነጻ ይደረጋል።
2. ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ችግር በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይመረመራል።
3. ምርመራው ካለቀ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ የውጤቱ ማጠቃለያ በጽሑፍ ይሰጣችኋል።
4. ከባድ አደጋ ከተገኘ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ከአደጋ ነጻ ይደረጋል። መልሶ እንዳይመጣ የሚያስፈልገው ሥራም በዚያው ጊዜ ይጀመራል፤ ካልተቻለ በ12 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት።
5. በጊዜው ካልተቻለ አከራዩ በራሱ ወጪ ሌላ ማረፊያ ያቀርባል።

ቁጥሩ የሚጀምረው አከራዩ ችግሩን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ አሳውቁ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ቤት ውስጥ አስም ያለበት፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ አለ ወይ። ፎቶው ሰፊና ቅርብ ይሁን፤ ቅርቡ ላይ ማስመሪያ አስጠግታችሁ መጠኑ ይታይ። በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱ። ሻጋታውን ከመጥረጋችሁ በፊት አንሱት፤ ጠርጋችሁ ስታስረዱ ባለሙያው ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው።

«አኗኗራችሁ ነው፣ እንፋሎት ታበዛላችሁ» መባሉ አይቀርም። እንጀራ ሲጋገር መስኮት ክፈቱ፣ ልብስ ራዲያተር ላይ አታድርቁ፤ ይህን እንደምታደርጉም በቅሬታው ጻፉት። ከዚያ በላይ ግን አትቀበሉ፦ የቤቶች እንባ ጠባቂ በ2021 ባወጣው ሪፖርት አከራዮች ሻጋታን በተከራይ አኗኗር ማሳበባቸውን እንዲያቆሙ አሳስቧል። የእርጥበት መለኪያ ንባብ፣ የማራገቢያ (ኤክስትራክተር ፋን) መሥራት አለመሥራት፣ የውጭ ግድግዳና የቧንቧ ሁኔታ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ሰው ገብቶ ሁለት ደቂቃ ዓይቶ ከወጣ በምርመራው ማጠቃለያ ላይ ይታወቃል፤ ማጠቃለያውን የምንጠይቀውም ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- ኪራይ አታቁሙ። ጥገና አልተደረገም ብሎ ኪራይ ማቆም ለካውንስሉ የማስለቀቂያ ክስ ይሰጠዋል።
- በር እያንኳኳ «ካሳ እናስገኛለን» ለሚል ወዲያው አትፈርሙ። ክስ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ የቤቶች እንባ ጠባቂ ያንን ጉዳይ አይመረምርም፤ ውሉን ስታቋርጡም ወጪ ሊጠየቅባችሁ ይችላል።
- ባለሙያ ሲመጣ ቤት ሁኑ። «በር አልተከፈተም» የሚል ማስታወሻ ለካውንስሉ ጥሩ መከላከያ ነው። የማይመች ቀጠሮ ከሆነ በጽሑፍ አስለውጡ።
- ጊዜያዊ ማረፊያ ላይ ናችሁ? የአዋብ ሕግ የሚመለከተው የኪራይ ውል ያላቸውን የማኅበራዊ ቤት ተከራዮች ነው፤ በላይሰንስ (ያለ ኪራይ ውል፣ በመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ብቻ) የሚኖሩትን አይሸፍንም። የእናንተ መንገድ ቅሬታና የተስማሚነት ክርክር ነው።

የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል የግል አከራይን ማስገደድ ይችላል፤ ራሱን ካውንስሉን ግን አያስገድድም። የካውንስል ተከራይ ከሆናችሁ በዚያ በኩል አትድከሙ።

ደረጃ 6፦ ከካውንስሉ በላይ

6.1 የቤቶች እንባ ጠባቂ (ለ«ሐ»)። የስቴጅ ቱ መልስ ከደረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ አመልክቱ፤ ስልኩ 0300 111 3000 ነው። ከ2022 ኦክቶበር ወዲህ በኤምፒ በኩል ማለፍም ሆነ 8 ሳምንት መጠበቅ ቀርቷል፤ «መጀመሪያ ኤምፒ ጋ ሂዱ» የሚሏችሁ የድሮውን ነው። አያይዙ፦ የሁለቱን እርከን መልስ፣ የአንድ ገጽ የቀን ቅደም ተከተል፣ ፎቶ፣ የወኪል ፈቃድ። አርባ ገጽ ኢሜይል አትላኩ፤ መርማሪው ከካውንስሉ ራሱ ይጠይቃል። ምርመራው ወራት ይፈጃል። ውሃ ቤት ውስጥ እየገባ ከሆነ በዚያ መሃል ጥገናውን መጠየቅ አታቁሙ።

6.2 የአካባቢ መንግሥት እንባ ጠባቂ (ለ«ለ»)። ስልኩ 0300 061 0614 ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ችግሩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ነው፤ ከስቴጅ ቱ መልስ አይደለም። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ካውንስሉ ሲጎትት ዓመቱ ያልቃል። ሪቪው ወይም ይግባኝ መጠየቅ ስትችሉ ያልጠየቃችሁበትን ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከትም። መዘግየትን፣ የጠፋ ሰነድን፣ ያልተሰጠ ማረፊያን ግን ይመለከታል። ከማመልከታችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ የካውንስላችሁን ስም አስገብታችሁ ያለፉ ውሳኔዎችን ፈልጉ፤ ስም ሳይጠቀስ ታትመው ታገኛላችሁ። ተመሳሳይ ጉዳይ ካለ ቁጥሩን ጥቀሱ።

ጉዳዩ ሁለቱንም የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ የካውንስል ተከራይ ሆናችሁ ጥገናውም የቤት ለውጥ ወረፋውም ከተበላሸ፣ በጋራ ሊመረምሩ ይችላሉ። ለአንዱ ስታመለክቱ ሌላው ክፍል እንዳለ ግለጹ። የተሳሳተው ጋ ብትደርሱ ያስተላልፉችኋል፤ የቀን ገደባችሁን ግን ራሳችሁ ጠብቁ።

6.3 የማኅበራዊ ቤቶች ተቆጣጣሪ (ለ«መ»)። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተቆጣጣሪው የእናንተን ቦይለር አያስጠግንም፣ ካሳም አይወስንም። የቤት አልባነት አገልግሎትንም አይመረምርም፤ የሚያየው ካውንስሉን በአከራይነቱ ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 1,000 ወይም ከዚያ በላይ ቤት ያላቸውን አከራዮች በየ4 ዓመቱ ይፈትሻል፣ ከሲ1 እስከ ሲ4 ደረጃ ይሰጣል። ሲ4 የመጨረሻው ነው፤ በ2024 ኦክቶበር ኒውሃም ካውንስል ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ካውንስል ሆኗል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ያልተጠናቀቁ የእሳት ደኅንነት ሥራዎች ነበሩ።

ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የካውንስላችሁን የፍተሻ ሪፖርት ፈልጉ። ስለ ጥገና ወይም ስለ ቅሬታ አያያዝ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል በቅሬታችሁ አስገቡ፤ «ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም» ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሁለተኛ፣ ችግሩ የሕንፃው ሁሉ ከሆነ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ጻፉ፦ የሕንፃው ስም፣ የነዋሪው ብዛት፣ አደጋው፣ ለካውንስሉ ያሳወቃችሁባቸው ቀኖችና የተሰጠው መልስ። የአንድ ሰው አቤቱታ ወደ እንባ ጠባቂ ይመለሳል፤ የአሥር ቤት ተመሳሳይ ደብዳቤ ግን የአሠራር ጉድለት ምልክት ይሆናል።

6.4 ውሳኔው ከወጣ በኋላ። እንባ ጠባቂው «ይህን በዚህ ቀን አድርጉ» ብሎ ከወሰነ ቀኑን መዝግቡ። ካሳው ያልተከፈለ የኪራይ ዕዳ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ ለእናንተ ይሰጥ ወይስ ዕዳ ላይ ይዋል የሚለውን ውሳኔው ላይ አንብቡ። ቀኑ አልፎ ካውንስሉ ካልፈጸመ አዲስ ቅሬታ አትክፈቱ፤ ውሳኔውን ለሰጠው መርማሪ በዚያው የፋይል ቁጥር ጻፉለት፣ ያልተፈጸመውን ነጥብ በነጥብ ዘርዝሩ። ፈጽመናል ካሉና ካልተፈጸመ የዚያን ቀን ፎቶ ላኩ።